በዓሉ በታወጀ ማግስት

ልጆቹ እትዬ ጭልፋ ይሏት ነበር። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ በቀር የሚጠራው ሰው የነበረ አይመስልም። ጭልፋው ከእጇ ከወጣ ወሬ እንኳ አይሳካላትም፤ ስትቆጣ ታወዛውዘዋለች፣ ሐሳብ ሲገባት አገጯን ትደግፍበታለች፣ ሲያስቃት የድስቱን ጠርዝ ትመታበታለች። ያ ድምፅ በግቢው ከተሰማ መምህራኑ ሳይቀሩ "ዛሬ ምሳው ተሳክቷል ማለት ነው" ይባባሉ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥራ የጀመረችው በጽዳት ነው። ባሏ አንዲት ሴት ልጅ ትቶላት ሲሞት መጥረጊያ ይዛ ገባች። ቆይቶ ለተማሪዎች ምሳ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ መጣና ዳይሬክተሩ የጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስቦ "ከእናንተ መሀል ለብዙ ሰው ማብሰል የሚችል አለ?" አለ። ለብዙ ሰው አብስላ አታውቅም። አፏ ሳይከፈት ግን እጇ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ሩዙን ከሥር አሳረረችው፤ ጭሱ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ገባ። "በቃ፣ ነገ ወደ መጥረጊያዬ" ብላ በርጩማ ላይ ቁጭ እንዳለች አንድ ሕፃን ሳህኑን ልሶ ጨርሶ መጣና "እትዬ፣ ነገም ጥቁሩን ሩዝ ይሥሩልን" አላት። እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ከዚያች ኩሽና የሚያስወጣት አልተገኘም።

እህትማማቾቹ የመጡት ልጇ አድጋ፣ አግብታ፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ከገባች በኋላ ነው። ትልቋ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ከዕድሜዋ በላይ ጨዋ ልጅ ነበረች። ትንሿ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት፤ ገና አንደኛ ክፍል የገባች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ዓይኗ ከድስቱ የማይነቀል። ከሁሉ ቀድማ ሳህኗን ታጸዳና ሰልፉን ጥሳ ትመጣለች።

"ድገሚኝ!"

"'ይድገሙኝ' ነው የሚባለው!" ትላታለች ትልቋ ከኋላ፣ በሀፍረት ጆሮዋ ቀልቶ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ የሚገባው የት ነው?" ትላለች እትዬ ጭልፋ። "እግርሽም ባዶ ነው እንዴ?"

ትንሿ እግሯን አጎንብሳ ታያለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ሳህኗን ከበፊቱ ከፍ አድርጋ ትዘረጋለች። ስሟ ድገሚኝ ሆኖ ቀረ።

ትልቋ አንድም ቀን ድገሙኝ ብላ አታውቅም። የዳቦዋን ግማሽ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ግን እትዬ ጭልፋ አይታታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁን ዳቦ ታስቀርላት ነበር። እናታቸው በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ አጣቢ እንደሆነች፣ ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው እንደሚኖሩ የነገሯት ጋሼ ዘበኛው ናቸው። ትምህርት በሌለበት ቀን እዚያ ቤት ምሳ እንደሌለ ግን የነገራት የለም። ሰኞ ሰኞ ድገሚኝ ስትበላ ማየት በቂ ነበር።

ያን ዓመት ከብዙ አገር የሚመጡ እንግዶች በከተማዋ ትልቅ ጉባኤ ይቀመጣሉ መባል ከጀመረ ሰንብቷል። የመንገዶቹ ጠርዝ ቀለም ተቀባ፣ የቆሸሸው አጥር ሁሉ በአዲስ ቆርቆሮ ተሸፈነ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ እትዬ ጭልፋ ቤቷ ተቀምጣ ሽርጧን ስትተኩስ የሬዲዮው ዜና አንባቢ ድምፁን ሞረድ አድርጎ ሐሙስና ዓርብ ልዩ የሕዝብ በዓል ሆነው እንዲውሉ መንግሥት መወሰኑን፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ዝግ እንደሚሆኑ አነበበ። ገና ሳይጨርስ የጎረቤት ልጆች ጩኸት ግድግዳውን አልፎ መጣ። ሰፈሩ በአንድ አፍ ነው የጮኸው።

እሷም አብራ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ስልኳ ጠራ፤ ልጇ ነበረች።

"እማዬ ሰማሽ? ፋብሪካውም ተዘግቷል! ነገ ልጄን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እስከ ምሳ እንደርሳለን።"

ልጇ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው። የእሷ ዕረፍት እናትየዋ ሥራ ላይ ስትሆን ይውላል፣ የእናትየዋ ዕረፍት ሲደርስ እሷ ማሽኗ ላይ ናት። እትዬ ጭልፋ የልጅ ልጇን ነቅቶ ካየችበት ተኝቶ ያየችበት ይበዛል። ስልኩን ዘግታ ቤቱን ማስተካከል ጀመረች፤ ትራሱን ቀየረች፣ ብርጭቆዎቹን አወረደች። መሀል ላይ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ውይ! ባቄላው!"

ለሐሙስ ምሳ እንዲሆን ከሰዓት በኋላ ዘፍዝፋው ነው የመጣችው። በዚያ ሙቀት እስከ ሰኞ ከሰነበተ ኩሽናውን የሚያስለቅቅ ሽታ ያመጣል።

በማግሥቱ ማለዳ ወጣች። ሱቆች እንደተዘጉ ናቸው፤ የሰው ዘር የለም። ጋሼ ዘበኛው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጉልበታቸውን በፀሐይ እያሞቁ፣ ዶሮዎቻቸው አበባ መደቡን ሲጭሩ እንዳላዩ ሆነው ተቀምጠዋል። ወደ ዳይሬክተሩ ደወለች።

"ዘበኛው የፈለገውን ይውሰድ፣ የተረፈውን ድፊው" አላት። "ግቢው ለማንም እንዳይከፈት ታዘናል። አንቺም ቶሎ ውጪ።"

ውኃውን አንቆርቁራ ጨርሳ እጇን ሳትጠርግ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ዘበኛው ዶሮ እያባረሩ ስለነበር ራሷ ሄዳ ገርበብ አደረገችው። እህትማማቾቹ ቆመዋል። ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው በውኃ ተበጥሮ ገና አልደረቀም፣ ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለዋል።

"ዛሬ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?" አለች። "በዓል ነው እኮ! ሬዲዮ አልሰማችሁም?"

"ሬዲዮ የለንም" አለች ትልቋ።

"እሺ፣ መንገድ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሌላ ልጅ አያችሁ?"

ትልቋ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እንደሚያውቁ እትዬ ጭልፋ ገባት። ማታ ሰፈሩ ያን ያህል ሲጮህ ያልሰማ ልጅ የለም። አለማወቅን ተመካክረው፣ ምናልባት እናታቸውም ጨምራ መክራበት፣ ለብሰውት ነው የመጡት።

ድገሚኝ ዓይኗን እትዬ ጭልፋ እጅ ላይ ጣለች። ጣቶቿ መሀል የባቄላ ገለፈት ተጣብቋል።

"ባቄላ ነው?" አለች።

ባቄላ እስኪበስል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልጇ አውቶቡስ ተሳፍራ ይሆናል። የዳይሬክተሩ ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ደግሞም ደክሟት ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትመግብ ኖራ አንድ ቀን ለራሷ ልጅ ብታበስል ምን አለበት? ይኼ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈ።

"ዛሬ የሚበላ ነገር የለም" አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጠንክሮ ወጣ። "ትምህርት የለም፣ ምሳም የለም። ሂዱ፣ ቤታችሁ ግቡ። ሰኞ እንገናኛለን።"

ትልቋ ቀና አለች። ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን አንገቷም ጭምር ቀልቷል።

"ልንበላ አይደለም የመጣነው" አለች። "ልንማር ነው።"

የእህቷን እጅ ያዘችና ዞረች። ድገሚኝ እየተጎተተች ሄደች፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዞራ እጇን አወዛወዘች፣ እንደ ሌላው ቀን።

"ምስኪኖች" አሉ ጋሼ ዘበኛው ከኋላ። ከዚያ "በይ እንግዲህ፣ ባቄላውን ለዶሮዎቼ ላድርገው?" አሏት።

"ያድርጉት" አለች።

ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። ይኼን ነገር በኋላ ከራሷ መደበቅ አልቻለችም። ልጇ መጣች፤ ሕፃኑ ነቅቶ ነበር፣ ጭልፋዋን ነጥቆ ሲቀጠቅጥ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ከምሳ በኋላ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኛ፣ ልጇም አጠገቧ ጋደም ብላ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ባሏ ጓደኞች፣ ልትገዛ ስላሰበችው መጋረጃ ስታወራ አመሸች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለልጇ ሩዝ ስትጨምርላት "እማዬ በቃኝ፣ አትድገሚኝ" ስትላት፣ እጇ አየር ላይ ቆም አለ። "ሰኞ ደርሶ የለ" አለች በልቧ፣ ሳህኑንም አስቀመጠችው።

ሰኞ ግን ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያው ዜና አንባቢ ጉባኤው በመራዘሙ ትምህርት ቤቶች ሌላ መግለጫ እስኪሰጥ ተዘግተው እንደሚቆዩ ተናገረ። መግለጫው ሲመጣ ደግሞ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከዚሁ ጋር እንዲያያዝ የሚል ሆነ። ሰፈሩ አሁንም ጮኸ። እትዬ ጭልፋ ሬዲዮውን አጠፋችው።

ቤት መቀመጥ አልለመደባትም። ሥራ መፍታቷ ሐሳብ አመጣባት። ኩሽናው ቁም ሳጥን ውስጥ ከረቡዕ ምሳ የተረፈ ዳቦ እንደነበረ ትዝ አላት። ባቄላው ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ዳቦው ግን ምን ይፈልጋል? እጅ መዘርጋት ብቻ። በሩ ላይ ቆማ ሳለ ዳቦውን ረስታው ነበር ወይስ ትዝ ብሏት ነበር? ይኼን ለመለየት ስንት ጊዜ አሰበች፤ አልተሳካላትም።

ወደ ጋራዡ ሰፈር መሄድ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ግን "ነገ" ትላለች። ሲነጋ ደግሞ "ምን ብዬ ነው የምገባው? እናትየዋ ብትቀየመኝስ? የሰው ጓዳ ተከትላኝ መጣች ብትልስ?" ትላለች። እንዲህ ስትል ቀኑ በላይዋ ላይ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የባቄላ ሾርባ ሠራች፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገለበጠችው፣ ፎጣ አለበሰችውና ወጣች።

ጋራዡን አልፋ፣ የመኪና ጎማ የተቆለለበትን ጠባብ መንገድ ገብታ ጠየቀች። አንዲት ሙሉ ሴት የውኃ ቱቦ ይዛ ደረጃ እያጠበች ነበር፤ አከራይቷ ናት።

"የልብስ አጣቢዋን ቤት ነበር" አለች እትዬ ጭልፋ።

"ለቀቀች እኮ።"

"መቼ?"

"ባለፈው ሰሞን። እንግዶቹ መጡ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የምታጥብላቸው ሰዎች ሁሉ በዓል ነው ብለው ከከተማ ወጡ። ሥራ ቀጥ አለባት።" ሴትዮዋ ቱቦውን ዘጋች። "በኋላ ከከተማ ውጪ፣ እዚያው የሚታደርበት ሥራ ተገኘላት። ልጅ ይዘሽ አትመጪም አሏት።"

"ታዲያ ልጆቹስ?"

"ትልቋን የእናትየዋ ወንድም ወሰዳት። ትንሿን የባሏ እህት። ያቺ ደግሞ ያለችው ሩቅ ነው፣ ወደ ድንበሩ።" አከራይቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ትንሿ ስትሄድ እዚህ ሰፈር ያላለቀሰ የለም። መኪናው ውስጥ ከተቷት፣ እሷ እህቷ የምትከተላት መስሏት ቦታ ይዛ ጠበቀቻት። እናትየዋ ምን ታድርግ? 'ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን ቢያንስ ቀን ቀን ይበላሉ፣ እኔም እስከዚያ እፍጨረጨራለሁ' ስትል ሰምቻታለሁ። ለመሆኑ አንቺ ምናቸው ነሽ?"

እትዬ ጭልፋ ዕቃውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ትምህርት ቤት ነው የምሠራው" አለች።

"ታዲያ ምነው እስካሁን?" አለች ሴትዮዋ። ወቀሳ አልነበረም፤ እንደ ዋዛ ነው የጠየቀችው። እትዬ ጭልፋ ሾርባውን ለአከራይቷ ትታላት ተመለሰች።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ ሰልፍ ገቡ፣ ወፍረው ከስተው፣ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ በወሬ ፈንድተው። ሰልፉን ጥሶ የመጣ ግን የለም። ያን ሰሞን የድስት ድምፅ አልተሰማም፤ መምህራኑ "እትዬን አመማት እንዴ?" ተባባሉ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ፣ ከእንግዲህ ልዩ በዓል ሲታወጅ ኩሽናው ብቻ እንዲከፈት ለመነችው።

"እትዬ፣ መንግሥት ዝግ ነው ያለውን እኔ ክፍት ነው ልበል? ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?"

"እኔ እከፍታለሁ፤ አንተ አታውቅም።"

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ብዕሩን ሲያሽከረክር ቆየና "እኔ አላውቅም" አለ። ፈቃዱ ይኸው ሆነ።

በሚቀጥለው ጊዜ ልዩ በዓል ሲታወጅ በማለዳ ገብታ ትልቁን ድስት ጣደች። እስከ ቀትር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። የመጣ የለም። ሬዲዮው ዝግ ነው ሲል ክፍት ነው የምትልበት ሬዲዮ አልነበራትም። ጋሼ ዘበኛውና እሷ ፊት ለፊት ተቀምጠው የቻሉትን በሉ። ኋላ ኋላ ወሬው ከልጅ ወደ ልጅ ተዛመተና በበዓል ቀን የሚመጡ ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ቦርሳ አዝለው፣ "ልንማር ነው" እያሉ። እሷም "ጎበዞች፣ ከመማሩ በፊት ግን ቅመሱ" ትላቸው ነበር። ብዙ ልጆች እንዲያ በሉ። እሷ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ወደ ታች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቁመት ላይ ነበር።

ጡረታ ወጣች። እግሯ ያብጥባት ጀመርና ልጇ "እማዬ፣ ሰፊ ጫማ ግዢ" ብላ ወትውታ መሀል ከተማ ወዳለ ጫማ ቤት ሰደደቻት። ሻጯ ቀጭን ወጣት ሴት ነበረች። ተንበርክካ የእትዬ ጭልፋን እግር መለኪያው ላይ አሳረፈች፣ ቀና ብላ አየቻት፣ እንደገና አየቻት።

"እትዬ ጭልፋ!"

ጆሮዋ ቀላ። እትዬ ጭልፋ ያወቀቻት በዚያ ነው። ሁለቱም አንዴ እየሳቁ አንዴ እያለቀሱ ተቃቀፉ፤ ሌላ ገዢ ጫማ ይዞ ቆሞ ቀረ። እናቷ ተመልሳ አብረው እንደሚኖሩ፣ ጉልበቷ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና እንደሆነች ነገረቻት።

"እህትሽስ? ድገሚኝ?"

ወጣቷ ሣጥኖቹን ማስተካከል ያዘች።

"አለች። አክስቴ ጋ ነው ያደገችው፤ እማዬ የምትለው እሷን ነው። ሄጄ አይቻታለሁ። ወንበር አቀረበችልኝ፣ 'ምን ልታዘዝ?' አለችኝ። እንደ እንግዳ።" ፈገግ ልትል ሞከረች። "ምግብ አትወድም አሁን፣ ቢያምኑም ባያምኑም። አክስቴ ለምና ነው የምታበላት።"

"ልጄ፣ እኔ በድያችኋለሁ። ያን ጊዜ በዓሉ በታወጀ ማግስት፣ ዩኒፎርም ለብሳችሁ በሩ ላይ ስትመጡ..."

"የቱን ቀን?"

ነገረቻት። ገለፈቱን፣ ዳቦውን፣ ዶሮዎቹን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ወጣቷ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከልቧ ለማስታወስ እየታገለች ሰማቻት። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

"አላስታውስም። እኔ የማስታውሰው በዝናብ ቀን ካልሲያችንን ምድጃው ጎን አድርቀው፣ ትኩስ ትኩሱን ሲያለብሱን ነው።"

"ብቻ ይቅር በይኝ።"

"እትዬ፣ የማላስታውሰውን ምን ብዬ ይቅር ልበል?" አለች ልጅቷ፣ ጨንቋት። "ለእህቴም ልነግራት አልችልም። እርስዎን አይደለም፣ እኔንም በቅጡ አታውቀኝም።"

ልጅቷ ተንበርክካ ማሰሪያውን አሰረችላት፣ በአውራ ጣቷ የጫማውን አፍንጫ ጫን ጫን አድርጋ "አይጠብዎትም?" ስትል ጠየቀች። ይጠባት ነበር። "ልክ ነው፣ ልጄ" አለች፣ ሌላ ሣጥን እንዳታስወርዳት ብላ። ልጅቷ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻት፤ እናቷን ይዛ ልትጠይቃት ቃል ገባች፣ ጉንጯን ስማት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አመሻሽ ላይ ልጇ ደወለች፤ ጫማው ተስማምቷት እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። እትዬ ጭልፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን እያሻሸች ሁሉን ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

"እኔ የመጣሁበት ቀን ነው?" አለች ልጇ።

"አዎ።"

"ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ፣ እማዬ። አብረን እነሱ ቤት እንሄድ ነበር እኮ።"

እትዬ ጭልፋ ይኼን አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር።